«የለም» ያለችበት ቀን

በስሟ የሚጠራት የለም። ሆስፒታላችን ውስጥ ፊት ለፊት ሲሆን «ሲስተር» ትባላለች፣ ዞር ስትል ደግሞ «ጆሮ»። ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ። ስም ማውጣት ከመኪና መንዳት ቀጥሎ የማውቀው ሙያ ነው፤ ጥበቃውን «ነገ ና»፣ የመድኃኒት ክፍሏን ሴትዮ «አልቋል» ብዬ ከሰየምኩ ቆይቷል። እነሱም አልማሩኝም፤ «ክላክስ» አሉኝ። ለመኪናዋ ይሁን ለአፌ አልጠየቅኩም።

ሆስፒታሉ የካቶሊካውያን መነኮሳት ነው። ትንሽ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ ኮሪደሩ ከጠዋት እስከ ማታ በረኪና በረኪና ይሸታል። የእኔ ሥራ አምቡላንስ መንዳት ሲሆን፣ በተረፈኝ ጊዜ የኦክስጅን ሲሊንደር እሸከማለሁ፣ ጀነሬተር አስነሳለሁ፣ በማያገባኝ እገባለሁ። እሷ አዋላጅ ነርስ ናት። ቀጭን፣ ቁጥብ፣ ቀልድ ሲነገራት ሌላው ስቆ ከጨረሰ በኋላ ፈገግ የምትል ሴት ናት። ትዳር አልያዘችም። እናታቸው ቀድመው ስለሞቱ ታናሽ እህቷን ያሳደገቻት እሷ ናት፤ ቀሚሷን አጥባ፣ ፀጉሯን ጎንጉና፣ ትምህርት ቤት አድርሳ። ሌላ ሰው የላትም።

«ጆሮ» ያልኳት በከንቱ አይደለም። የጽንስ ልብ የሚደመጥባት አጭር የእንጨት ቱቦ አለች፤ አንደኛው ጫፍ እናቲቱ ሆድ ላይ፣ ሌላው አዋላጇ ጆሮ ላይ ይውላል። ሌሎቹ ነርሶች ጽንሱ ስድስት ወር አልፎት ካልጠነከረ በዚያች እንጨት ምንም አይሰሙም። እሷ በአምስት ወሩ ትሰማለች። መጀመሪያ የእንጨቷን አፍ በመዳፏ ታሞቃለች፣ ሆዱን እንዳይበርደው። ከዚያ ዓይኗን ጨፍና ታጎነብሳለች፤ በሌላ እጇ የእናቲቱን አንጓ ትይዛለች፣ የእናት ትርታ ከልጅ ትርታ እንዳይቀላቀልባት። ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ትንፋሹን ይውጣል። ቀና ስትል የምትናገረው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «አለ» ወይም «የለም»። አታጋንንም፣ አታባብልም። በዚያች አንድ ቃል ስንቱ አልቅሷል፣ በደስታም በሐዘንም።

አልትራሳውንድ ነበረን። ተበላሽቶ ለጥገና ተላከና እንደ ሄደ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ማሽናችን እሷ ሆነች። ይህ ደግሞ በሌላ ሆስፒታል ቢሆን ብዙም ነገር አልነበረም። በእኛ ቤት ግን ሕግ አለ። ውጭ ወጥቶ ለመኖር ያልደረሰ ጽንስ፣ ልቡ እየመታ ከማሕፀን አይወጣም። እናቲቱ ብትታመምም አይወጣም። ልቡ ከቆመ ግን ሐኪሙ የፈለገውን ያደርጋል። እንግዲህ ሐኪሙ እጁን የሚያነሳውም የሚያጣጥፈውም በእሷ ቃል ነው ማለት ነው። ይህን ነገር ሁላችንም እናውቀው ነበር፤ እስኪደርስብን ድረስ ግን ማንም ቁጭ ብሎ አላሰበውም።

እህቷ ፍጹም ሌላ ናት። ነበረች ልበል፣ ምላሴ እንቢ ይለኛል እንጂ። መዋለ ሕፃናት ታስተምር ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ከሕፃናት ጋር ስትጮህ ውላ ድምፅዋ ሻክሮ ማታ ወደ ሆስፒታሉ ብቅ ትላለች። እኔ ሳልሆን ራሷ ጆሮ ናት «ጫጫታ» ያለቻት። በሩ ላይ ገና ስታየኝ ትጀምራለች፤ «ጋሼ ክላክስ፣ ይቺ መኪና ዛሬም አልሞተችም?» «ቀባሪ አጥታ ነው» እላታለሁ። ባሏ ፀጉር አስተካካይ ነው፤ የሰው ራስ ላይ መቀስ ይዞ ስለ እሷ ሲያወራ ደንበኞቹ ለጆሯቸው ይሰጋሉ። ሁለት ጊዜ አርግዛ ሁለቱም ገና በጠዋቱ ወርዶባታል። ሦስተኛው አምስት ወሩን ያዘ። ሲራገጥ ሆዷ ላይ እጄን አስይዛኛለች፤ እኔ አያት የሆንኩ ሰው እንደ ልጅ ደነገጥኩ።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤቱ ተጠራሁ። ትንሽ ወንበር ላይ ተቀምጣለች፣ ከሥሯ ፎጣ ተነጥፏል፣ ፎጣው ርሷል። «መቀመጫህን ላበላሽብህ ነው» አለችኝ ወደ መኪናው ስንደግፋት። ሳቀች፤ ከንፈሯ ግን ነጭ ነበር።

ዶክተሩ አያት። የእንሽርት ውሃው ፈሷል። ሐኪማችን ገና ወጣት ነው፣ ሲጨንቀው መነጽሩን በኮቱ ጫፍ ይወለውላል፤ ያን ዕለት እየወለወለ ነበር የተናገረው። ውሃው ካለቀ ጽንሱ የመቆየት ተስፋው ቀጭን ነው፣ የኢንፌክሽን መርዝ ወደ ማሕፀን ከገባ ደግሞ እሷንም ይዟት ይሄዳል፣ እዚህ እጄ የታሰረ ስለሆነ ዛሬውኑ ወደ ትልቁ የመንግሥት ሆስፒታል ብትሄድ ይሻላል አለ። መንገዱ አንድ ቀን ይፈጃል። እኔ ነዳጅ ሞልቼ መጣሁ። «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ» አልኳት፤ «ተነሽ የኔ ልጅ፣ ሞተሩ ሞቋል።»

ወደ እኔ አልዞረችም። ወደ እህቷ ነው የዞረችው። «እታለም፣ ልቡ አለ?»

ጆሮ እንጨቷን አሞቀች፣ አጎነበሰች፣ ቀና አለች። «አለ።»

«እንግዲህ» አለች ጫጫታ። «እዚያ ምን እንደሚያደርጉ አውቃለሁ። ልቡ እየመታ ጥዬው አልሄድም። አንድ ወር እግሬን ሰቅዬ ብተኛ ይደርሳል።» ባሏ ለመናት፣ እኔ ተቆጣኋት፤ ግድግዳ መግፋት ሆነ። ይህን የምናገረው መነኮሳቱን ብቻ መክሰስ ለሚቀናው ሰው ነው። መጀመሪያ የቆየችው በገዛ ፈቃዷ ነው። ልጁን ፈልጋው ነው።

ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት ያው ሆነ። «እታለም፣ አለ?» «አለ።» ጫጫታ ታጨበጭባለች፣ አጠገቧ ያሉት ወላዶች ይስቃሉ። ባሏ ምላጩን ይዞ መጥቶ አልጋ ላይ እንዳለች ጥፍሯን ይቆርጥላት ነበር። ደህና ነበርን፤ እኔም ሳልቀር ተስፋ አደረግኩ።

ትኩሳቱ ጀመራት። መጀመሪያ ብርድ ብርድ አላት፣ ከዚያ አንቀጠቀጣት፣ ከዚያ ወሬዋ አነሰ። እሷ ዝም ስትል ነው እኔ የፈራሁት። ዶክተሩ መርዙ ማሕፀን ውስጥ ገብቷል አለ፤ መድኃኒቱ በደም ሥሯ ይንጠባጠባል፣ ትኩሳቱ ዝቅ ይልና ተመልሶ ይወጣል። ባሏ «አሁን እንውሰዳት» አለ። አሁን ደግሞ ዶክተሩ «መንገድ ላይ ትሞትባችኋለች» አለ። ያኔ አልሄድም ያለችው እሷ ነበረች፤ ዛሬ ሂጂ የሚላት ሐኪም ጠፋ።

ዶክተሩና የሆስፒታሉ አለቃ እማሆይ በሯ ሥር ቆመው ተከራከሩ። እማሆይ ሽማግሌ ናቸው፣ እግራቸው ያብጣል፣ ስስ የጎማ ጫማ ስለሚያደርጉ ሲመጡ አይሰሙም። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ክፉ ቢሆኑ ነገሩ ይቀለኝ ነበር። «ማሕፀኑ የመርዙ ጎሬ ሆኗል እማሆይ፤ እሱን ማጽዳት እኮ በሽታውን ማከም ነው» አላቸው ዶክተሩ። «ልቡ እየመታ?» አሉት። «ልቡ እየመታ» አለ፣ መነጽሩን እየወለወለ። እማሆይ ለበላዮቻቸው ደወሉ። መልሱ መድኃኒቱን ቀጥሉ፣ ጠብቁ፣ ጸልዩ የሚል ነበር። ሌላ ቦታ ሌላ አባት ቢጠየቅ ሌላ ይል ነበር ይላሉ፤ የእኛዎቹ ያሉት ይህንን ነው።

የሆስፒታሉ ቄስ አባ፣ እኔ የመኪናዬን ጎማ ስፈትሽ፣ ግቢው ውስጥ አገኙኝና አጠገቤ ቆሙ። ሳልጠይቃቸው ማስረዳት ጀመሩ። «የታመመ ማሕፀን ቢቆረጥና ሕፃኑ በዚያ ሳቢያ ቢሞት ሐዘን ነው እንጂ ኃጢአት አይደለም። እሷን ለማዳን ብሎ ሕፃኑን ራሱን መግደል ግን አይቻልም። በአንዱ ሞት ሌላውን አንገዛም።»

«አባ፣ ሕፃኑ እንደሆነ አይተርፍም። ዶክተሩ ተናግሯል።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ሁለቱም ይሙቱ ነው የሚባለው?»

«እንደዚያ አይባልም» አሉ። ቀጥለውም፣ «እንደዚያ ግን ይሆናል፣ አንዳንዴ» አሉ። ዓይናቸው ቀልቶ ነበር። ወደ ጎማዬ ተመለስኩ።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ነው ባሏ ጆሮን ኮሪደሩ ላይ ያገኛት። እኔ ሲሊንደር እያንከባለልኩ ከወዲያ ማዶ ነበርኩ። እግሯ ሥር ተንበረከከ፤ ያ የሰው ፀጉር ላይ ሲቀልድ የሚውል ሰው ሲሚንቶው ላይ ተንበረከከ።

«እትዬ፣ በእመቤታችን ይዤሻለሁ። አንድ ቃል ናት። የለም በይ። ካንቺ በቀር ማንም አይሰማውም፣ ማንም አያውቅም። የለም በይና ትትረፍልኝ።»

ጆሮ እንጨቷን ደረቷ ላይ ይዛ ቆመች። እንቢ አላለችም። እሺ አላለችም። እንባዋ ብቻ ወረደ። ቀና ስል እማሆይ የታጠፈ አንሶላ ታቅፈው ከልብስ ክፍሉ በር ላይ ቆመዋል። መቼ እንደ መጡ አላውቅም፣ ያ የጎማ ጫማ! ሁላችንንም አዩን፤ አንሶላውን ይዘው አለፉ።

በማግስቱ ጠዋት ሲሊንደር ልቀይር ገብቼ ነበር። ጫጫታ ዓይኗ ክፍት ነው፣ የምታየን ግን አይመስልም። ፊቷ አመድ መስሏል። እንደ ወትሮዋ አልጠየቀችም፤ ጆሮ ራሷ እንጨቷን አሞቀች። አጎነበሰች። ቦታ ቀየረች፣ እንደገና አጎነበሰች። ዶክተሩ፣ እማሆይ፣ ባሏ፣ እኔ ቆመናል። ቀና አለች። ፊቷ ቀልቷል፣ ማናችንንም አላየችም፣ ወለሉን ነው ያየችው።

«የለም» አለች።

ዶክተሩ ወዲያው ጓንቱን አነሳ። እማሆይ እጃቸውን ክንዱ ላይ አደረጉ።

«ልጄ፣ ቀና በይ፣ እዪኝ» አሏት። ጆሮ ቀና አለች፤ ዓይኗ ግን እማሆይ ዓይን ላይ መቆም አቃተው። እማሆይ ረጅም ጊዜ አዩአት። «ትናንት ኮሪደሩ ላይ የተባለውን ሰምቻለሁ። አልፈርድብሽም። እኔም እህት አለችኝ። ግን ልቡ እየመታ ከሆነ በእጃችን ገደልነው ማለት ነው፤ አንቺም ይህን ተሸክመሽ መኖር አትችዪም። በማሽን ይታይ።»

«እማሆይ፣ የለም! እውነቴን ነው፣ የለም!»

ያን ያህል ስትጮህ ሰምቼ አላውቅም። ሌላ ቀን ቢሆን አንዷ «የለም» ትበቃ ነበር። ያን ቀን ግን የጨመረችው ቃል ሁሉ በራሷ ላይ መሰከረባት። ዶክተሩ እንጨቷን ተቀብሎ ራሱ አደመጠ። «እኔ ምንም አልሰማም» አለ፤ «ግን በአምስት ወር ጽንስ ሰምቼ አላውቅም።» ምናል አሁን አንዴ ቢዋሽ ብዬ በልቤ ረገምኩት። ጓንቱን ሳያወልቅ ቆሞ ቀረ። የሰው ተቀጣሪ ነው፤ ይህን የምለው ግን ይቅር ብዬው አይደለም።

በእጅ የሚያዝ ትንሽ አልትራሳውንድ ማሽን ያለው በሚቀጥለው ከተማ ክሊኒክ ነው። «ክላክስ፣ ሩጥ» አሉኝ። ሮጥኩ። እንደዚያ ነድቼ አላውቅም፤ ያቺ አሮጌ መኪና ዳገቱ ላይ እንደ ሰው ስታቃስት እየሰደብኳት፣ ወዲያው ደግሞ እየለመንኳት። ክሊኒኩ ስደርስ ማሽኑ ተቆልፎበታል፤ ቁልፉን የያዘው ባለሙያ ዘመድ ሞቶበት ቀብር ሄዷል። ቀብሩ ድረስ ሄድኩ። ሰው ሲያለቅስ መሐል ገብቼ ቁልፍ ጠየቅኩ። ነውር መሆኑን አውቃለሁ። ሰውዬው ፊቴን ሲያይ ተነሥቶ መኪናዬ ውስጥ ገባ፤ እግዜር ይስጠው። መንገዱን ሁሉ ማሽኑን እንደ ሕፃን ጭኑ ላይ ይዞ መጣ። በሽተኛ ሳልጭን ክላክሱን ስነፋ መንገደኛው ባዶ መኪና ምን አስቸኮለው ይለኝ ነበር።

ባለሙያው ሆዷ ላይ አስኬደው። ግራጫ ነገር መጣ፤ እኔ እንኳ ገባኝ፣ ምንም የሚንቀሳቀስ የለም። «ቆሟል» አለ። «ቆየት ብሏል።»

እማሆይ አጠገባቸው ወንበር ነበረ፤ ወንበሩን አልፈው መሬት ተቀመጡ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏል ይኸ ነው። ዶክተሩ አሁን ማንም አልከለከለውም። አስወጣው። ግን ደሟ መርጋት እንቢ አለ፤ መርዙ ደሟን አበላሽቶት ኖሯል። ባሏ ደም ሰጠ፣ ጥበቃው «ነገ ና» ሰጠ፣ የእኔ ግን አይሆንም ተባለ። እጅጌዬን እንደ ጠቀለልኩ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። አባ ቅብዓ ቅዱሱን ይዘው ገቡ። ጆሮ ከእህቷ ራስጌ አልተነሣችም። ፀሐይ ሳትጠልቅ አለቀ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ይጠራል፣ እኔም አልክድም። እስኪጠራ ድረስ ማን እንደሚቆይ ግን የተናገረ የለም።

ከቀብሩ በኋላ እማሆይ ጆሮ ቤት ድረስ ሄደው ሁለት እጇን ሳሙ። «ያንቺን ቃል አላመንኩም፤ ይቅር በዪኝ» አሏት። ጆሮ «ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም እማሆይ፤ ፊቴን አይተው ነው» አለቻቸው። ለማናችንም አልገባንም። እማሆይ ከዚያ ወዲህ ጸሎት ቤት ሲገቡ ቶሎ አይወጡም። ሕጉም እንዳለ ነው፤ የሆነ ነገር እንዲሻሻል ጽፈዋል ይባላል፣ መልስ መጣ ሲባል ግን አልሰማሁም። ባሏ ሱቁን ዘግቶ ወደ እናቱ ሄደ። ከመሄዱ በፊት ጆሮን አንድ ጊዜ ብቻ ጠየቃት፤ «የለመንኩሽ ዕለት ‹የለም› ብትዪ ኖሮ?»

ሥራዋን አልተወችም። ማሽኑም ተጠግኖ ተመልሷል። ግን እናቶች አሁንም እሷ እንድታዳምጣቸው ይፈልጋሉ። ያው እንጨቷን ታሞቃለች፣ ያው ታጎነብሳለች። ካለ «አለ» ትላለች። ከሌለ ግን ቀና አትልም። እንዳጎነበሰች ትቆያለች፣ ሌላዋ ነርስ መጥታ ትከሻዋን ነክታ እስክታነሣት ድረስ። «የለም» የሚለው ቃል ከአፏ አይወጣም። ሐዘን ነው ይላሉ፣ ድንጋጤ ነው ይላሉ፤ ብዙ ይላሉ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፣ እሷ አትሰማውም።

ምክንያቱን ለእኔ የነገረችኝ በቅርቡ ነው። አንዲት አራስ ቤቷ አድርሰን ባዶ መኪና ይዘን እየተመለስን ነበር፤ ከጎኔ ተቀምጣ መንገዱን እያየች ነበር።

«ጋሼ» አለችኝ፣ «ያን ቀን ጠዋት የገባሁት ልዋሽ ወስኜ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ከራሴ ጋር ተሟግቼ ወስኜ ነው። ‹የለም› እላለሁ፣ የመጣው ይምጣ ብዬ። ቃሉ አፌ ውስጥ ነበረ። ከዚያ አጎነበስኩ... እውነትም የለም። ሳልዋሽ የዋሸ ሰው ፊት ይዤ ቀረሁ። እማሆይ ያዩት እሱን ነው። ልክ ነው ያዩት።»

የመኪናዋን ፍጥነት ቀነስኩ።

«ወደ አመሻሹ ደግሞ፣ መጨረሻዋ ላይ፣ ትንሽ ነቃ አለች። ዓይኗን ወደ እኔ አዞረች። ‹እታለም፣ አለ?› አለችኝ።»

መሪውን አጥብቄ ያዝኩ።

«ምን አልሻት?»

«‹አለ› አልኳት» አለች። «እሷ አመነችኝ።»